ለዋርድ ነርሶች የተሰጠ የጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ ሥልጠና፦ ጥንካሬውና ጉድለቱ

ይህ ግምገማ የሕክምና ሀብት ውስን በሆነ አገር ለሚሠሩ ነርሶች ስለተሰጠ የአምስት ቀን የጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ ሥልጠና ነው። ሥልጠናውን የሰጡት ከውጭ የመጡ ባለሙያዎችና በዚያው አገር በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለረጅም ጊዜ የሠሩ ነርሶች በጋራ ሲሆኑ፣ ሠልጣኞቹ ከድንገተኛ፣ ከውስጥ ደዌ፣ ከቀዶ ሕክምና፣ ከሕፃናትና ከማዋለጃ ክፍሎች የተውጣጡ ነበሩ። አዘጋጁንም ሆነ ሆስፒታሉን በስም አልጠቅስም። ነርሶችን የማስተባብር ባለሙያ እንደመሆኔ ሥልጠናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ፤ የምጽፈውም ተመሳሳይ ሥልጠና ለሠራተኞቻቸው ለማስመጣት የሚያስቡ የሆስፒታል ኃላፊዎችና ራሳቸው ለመመዝገብ የሚፈልጉ ነርሶች እንዲጠቀሙበት ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ሥልጠናው አንዲት ነርስ በዋርዷ ባለው ዕቃ ብቻ ምን ያህል ልትሠራ እንደምትችል በተግባር ያሳየ፣ በዚህም ከብዙ መሰሎቹ የሚሻል ነው፤ ነገር ግን የተማረችውን እንድትሠራበት ማን እንደሚፈቅድላትና ከማን ጋር እንደምትሠራ በቂ ትኩረት አልሰጠም።

ለዋርድ ነርሶች መዘጋጀቱ ራሱ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። በ22 የአፍሪካ አገሮች በሚገኙ 180 ሆስፒታሎች ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ተኝተው ከሚታከሙ ስምንት ሰዎች አንዱ በጽኑ የታመመ ሲሆን፣ ከእነዚህ ጽኑ ሕሙማን 69 በመቶ የሚሆኑት ያሉት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳይሆን በተራ ዋርድ ውስጥ ነው። ትንፋሻቸው ከተዳከመው መካከል ኦክስጅን ሲሰጣቸው የተገኙትም ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የጽኑ ሕክምና ዕውቀት ጥቂት አልጋዎች ባሉት አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ከቀረ፣ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚደርሰው ለጥቂቶቹ ብቻ ነው። አሠልጣኞቹ በመግቢያው ላይ የኮፐንሃገንን ታሪክ ማንሳታቸውም ተገቢ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የፖሊዮ ወረርሽኝ ከተማዋን በመታ ጊዜ፣ ቢዮርን ኢብሰን የተባሉት የሰመመን ሐኪም መተንፈስ ላቃታቸው ሕሙማን ጉሮሯቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ በገባ ቱቦ አየር በእጅ እንዲገፋላቸው አደረጉ፣ ብዙ መቶ የሕክምና ተማሪዎችም በፈረቃ እየተቀመጡ ቀንና ሌሊት ከረጢቱን ሲጨምቁ ከረሙ። የሟቾቹ ቁጥር በእጅጉ የቀነሰው በሰው እጅና በማያቋርጥ ክትትል ነው። ይህ ታሪክ በአዳራሹ ለተቀመጡትና ቬንቲሌተር (በታካሚው ምትክ የሚተነፍስ ማሽን) በሌለበት ለሚሠሩት ነርሶች ከማንኛውም የማበረታቻ ንግግር የበለጠ ትርጉም እንደነበረው ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ዋና ትምህርት የትንፋሽ ቁጥር ነበር። ይህን ያህል ጊዜ ለትንፋሽ ቆጠራ የሰጠ ሥልጠና ከዚህ በፊት አላየሁም። አሠልጣኟ ሠልጣኞቹን ወደ ውስጥ ደዌ ዋርድ ይዘው ገቡና በሳንባ ምች የተኛች አንዲት ታካሚን ቻርት አሳዩአቸው፤ በቻርቱ ላይ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ከሰዓት ሰዓት ሲለዋወጥ የትንፋሹ ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች 20፣ 20፣ 20 ይላል። ከዚያም ታካሚዋን አስፈቅደው፣ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ድምፅ ሳያሰማ ደረቷን እያየ ሙሉ አንድ ደቂቃ እንዲቆጥርና ውጤቱን በግል ወረቀቱ ላይ እንዲጽፍ አደረጉ። ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ አብዛኞቹ ቁጥሮች በ34 እና በ36 መካከል ነበሩ። አሠልጣኟ ቻርቱን የሞላውን ሰው አልወቀሱም፤ ይልቁንም አንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ አርባ ታካሚ ይዛ እያንዳንዱን አንድ ደቂቃ ብትቆጥር አርባ ደቂቃ እንደሚፈጅባት አስልተው፣ ጥያቄው «ሁሉንም ለምን አልቆጠርሽም?» ሳይሆን «ከማን ልጀምር?» መሆን እንዳለበት አስረዱ። አዲስ የገባው፣ ኦክስጅን ላይ ያለው፣ ከቀዶ ሕክምና የወጣው፣ አስታማሚው «ዛሬ ልክ አይደለም» ያለለት ታካሚ ቀድሞ ይቆጠራል። በተለይ የአስታማሚን ቃል ከምልክቶች እንደ አንዱ መቁጠራቸው ወደድሁላቸው። በአዋቂ ሰው ከ30 በላይ ወይም ከ8 በታች የሆነ ትንፋሽ ወዲያውኑ እርዳታ የሚጠራበት መሆኑ፣ በሕፃናት ደግሞ ወሰኑ በዕድሜ እንደሚለያይ፣ ማለትም ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 ሲደርስ ፈጣን እንደሚባል በዚያው በአልጋው አጠገብ ተነገረ።

ሥልጠናው ከሁሉም በላይ የተዋጣለት ግን የኦክስጅን ትምህርት ላይ ነው። ሙሉ ግማሽ ቀን ለዚህ መዋሉ የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ሠልጣኞቹ በየቀኑ ኦክስጅን የሚሰጡ ቢሆኑም፣ በየትኛው መስጫ ስንት ሊትር እንደሚሰጥና መቼ እንደሚጨመር ወይም እንደሚቀነስ ከመሠረቱ የተማሩት ጥቂቶች ነበሩ። ናዛል ካኑላ (አፍንጫ ላይ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) በደቂቃ ከ1 እስከ 5 ሊትር፣ ተራው ማስክ ከ6 እስከ 10፣ ከረጢት ያለው ማስክ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሊትር እንደሚከፈትበት፣ ተራውን ማስክ ከ5 ሊትር በታች መክፈት ታካሚው ያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ እንዲስብ እንደሚያደርግ ዕቃውን በእጃቸው እያስያዙ አሳዩ። ኦክስጅን ለመቆጠብ ሲባል ማስኩን በ2 ሊትር የመክፈት ልማድ በብዙ ዋርዶች አለ፤ ለመቆጠብ ከተፈለገ ማስኩን በካኑላ መለወጥ እንደሚገባ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ ጉዳዩ ተቋጨ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የሲሊንደር ስሌት ነበር፤ እኔ ከሥልጠናው ሁሉ አንድ ሰዓት ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ የምመርጠው ይህንን ነው። 10 ሊትር ውኃ የሚይዝ መጠን ያለው ሲሊንደር ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 100 ባር ሲያሳይ በውስጡ 1000 ሊትር ያህል ኦክስጅን አለ፤ በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ታካሚ ከተከፈተ በ200 ደቂቃ፣ ማለትም በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ሠልጣኞቹ ስሌቱን በሰሌዳ ላይ ከሠሩ በኋላ ወደየዋርዳቸው ሄደው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ያለውን ሲሊንደር ጌጅ አንብበው እንዲመጡ ተላኩ። ከመካከላቸው አንዷ ያነበበችው ሲሊንደር ሌሊቱን እንደማያደርስ ባሰላች ጊዜ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ ሳትጠብቅ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሳይዘጋ ተለዋጭ አስመጣች። ከአየር ኦክስጅን ለይቶ ስለሚሰጠው ማሽን፣ ስለ ኮንሰንትሬተርም የተነገረው እንዲሁ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነበር፤ የአየር ማጣሪያው በየጊዜው ታጥቦ መድረቅ እንዳለበት፣ ከግድግዳና ከመጋረጃ ራቅ ብሎ መቀመጥ እንደሚገባው፣ መብራት ቢጠፋ የሚተካው ሲሊንደር አጠገቡ ከሌለ በሽተኛው ምንም እንዳልተሰጠው እንደሚቆጠር በአጽንዖት ተነገረ።

በጣት ላይ ተደርጎ የደምን ኦክስጅን የሚለካው የፐልስ ኦክሲሜትር ትምህርት ጥሩ ነበር፤ ለሠልጣኞቹ ከተሰጠው የሥልጠና መጽሐፍ ይልቅ ግን በቃል የተነገረው ይሻላል። የደም ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች ሲሆን ኦክስጅን መስጠት መጀመር እንዳለበት፣ በጽኑ የታመመ አዋቂ ወደ 94 እንዲደርስ እንደሚፈለግ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ ላለበት ደግሞ ከ88 እስከ 92 እንደሚበቃ መጽሐፉ በትክክል አስቀምጧል። ቀዝቃዛ ጣት፣ የጥፍር ቀለምና እንቅስቃሴ ንባቡን እንደሚያሳስቱም ይጠቅሳል። ያልጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመውን ጥናት ነው፤ በዚህ ጥናት መሣሪያው ደህና ነው እያለ የደም ምርመራ ግን የኦክስጅን እጥረት ያሳየባቸው ታካሚዎች በጥቁሮች መካከል ከነጮች ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል ሆነው ተገኝተዋል። ይህን ያነሱት ከአገር ውስጥ አሠልጣኞች አንዱ ናቸው። ታካሚዎቻቸው ሁሉ ማለት ይቻላል ጥቁር ቆዳ ላላቸው ነርሶች የሚዘጋጅ መጽሐፍ ይህን በመጀመሪያው ገጽ ሊጽፈው በተገባ ነበር፤ ቁጥሩ 93 ሆኖ ታካሚው በአፍንጫው ክንፍ እየተነፈሰ ከሆነ የሚታመነው ታካሚው እንጂ መሣሪያው አይደለምና።

የመጽሐፉ ከባድ ጉድለት ያለው በሾክ (ደም ለሰውነት ክፍሎች በበቂ የማይደርስበት አደገኛ ሁኔታ) ምዕራፍ ላይ ነው። ምዕራፉ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የሰውነት ክፍሎችን ሥራ የሚያውክበት ሁኔታ) ኖሮበት የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ሁሉ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በፍጥነት እንዲሰጠው ያዛል፤ ይህ ቬንቲሌተርና በየሰዓቱ የሚከታተል ሰው ካለበት ክፍል የተወሰደ ትእዛዝ ነው። በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ ከ3 ሺህ በላይ በጽኑ የታመሙ ትኩሳት ያለባቸው ሕፃናት ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት፣ በፍጥነት ፈሳሽ ከተሰጣቸው ሕፃናት በ48 ሰዓት ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ ሲሞቱ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። በዛምቢያ ደግሞ ሴፕሲስና የግፊት መውረድ በነበረባቸው አዋቂዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት፣ ፈሳሽን ቀድሞና አብዝቶ የሚሰጠው ፕሮቶኮል ከተሠራባቸው 48 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 በመቶ መሞታቸውን አሳይቷል። እነዚህ ጥናቶች ከታተሙ ዓመታት አልፈዋል፤ ለእነዚሁ አገሮች መሰል ሆስፒታሎች የሚጻፍ መጽሐፍ ሳይጠቅሳቸው ማለፉ ይቅር የሚባል አይመስለኝም። ደግነቱ ያንን ክፍለ ጊዜ የመሩት አሠልጣኝ መጽሐፉን ዘግተው፣ ፈሳሹ በትንሽ በትንሹ እንዲሰጥ፣ ከእያንዳንዱ መጠን በኋላ ትንፋሹ እንዲቆጠር፣ ሳንባው እንዲደመጥ፣ በሕፃን ላይ ጉበቱ መጨመሩ በእጅ እንዲፈተሽ፣ ምልክቱ ሲከፋ እንዲቆም አስተማሩ። ነገር ግን ሠልጣኞቹ ወደ ቤት ይዘው የሄዱት መጽሐፉን ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሌሊት የሚገልጡትም እሱኑ ነው።

የፈሳሽ ፍጥነትን ያለ ፓምፕ መቆጣጠር የተማሩበት መንገድ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሆነ መስጫ 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል መውረድ አለበት፤ ይህን ስሌት በተለያየ መጠንና ሰዓት ደጋግመው ከሠሩ በኋላ፣ በሰዓት እያዩ እውነተኛውን መስጫ ወደዚያ ፍጥነት አስተካከሉ፣ ታካሚው ክንዱን ሲያጥፍ ፍጥነቱ እንዴት እንደሚለወጥም አዩ። ለማዋለጃ ክፍል ነርሶች የተሰጠው የማግኒዥየም ሰልፌት (ከእርግዝና የደም ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ የሚሰጥ መድኃኒት) ክትትልም አጭርና የተሟላ ነበር፤ የጉልበት ሪፍሌክስ፣ በደቂቃ ከ16 የማያንስ ትንፋሽ፣ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር የማያንስ ሽንት፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መቀመጡ።

ወደ አራተኛው ቀን ስንመጣ ቅሬታዬ ይጀምራል። ግማሽ ቀኑ ለቬንቲሌተር አሠራር ዓይነቶች ተሰጠ፤ በስላይዱ ላይ የግፊትና የፍሰት ግራፎች ሲፈራረቁ፣ በዋርዳቸው ቬንቲሌተር አይተው የማያውቁት አብዛኞቹ ሠልጣኞች በትሕትና ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ከውጭ የመጡት አሠልጣኝ ዕውቀታቸው የሚያስደንቅ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሌላ ሰው የተዘጋጀ ነበር። ያ ጊዜ በእጅ እየተጨመቀ አየር ለሚሰጠው ከረጢት፣ ለአምቡ ባግ፣ ቢሰጥ ምን ያህል በጠቀመ! የአምቡ ባግ ልምምድ ከምሳ በፊት ተጣቦ የተሰጠ ሲሆን፣ በዚያ አጭር ጊዜ እንኳ ሠልጣኞቹ ሁሉ ከሚገባው በላይ ሲያፋጥኑና አብዝተው ሲጨምቁ ታየ። አሠልጣኙ በየስድስት ሰከንዱ አንድ ጊዜ እንዲጨምቁ ድምፅ አውጥተው አስቆጠሩአቸው፣ አንዱ ማስኩን በሁለት እጁ አጥብቆ ይዞ ሌላው እንዲጨምቅ አጣመሩአቸው፣ ደረት ከፍ ማለቱን እንጂ ከረጢቱ ባዶ መሆኑን እንዳያዩ ነገሩአቸው። ብዙዎቹ ተራ የደረሳቸው አንዴ ብቻ ነው። ቱቦ የገባላቸው ታካሚዎች እንክብካቤም፣ ማለትም የአልጋውን ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ማንሳት፣ ሳክሽን (አክታን በቱቦ መምጠጥ) ከማድረግ በፊት ኦክስጅን መጨመር፣ ሳክሽኑን ከ15 ሰከንድ አለማሳለፍ፣ በሩጫ ታለፈ።

የመጨረሻው ቀን የርክክብና የጥሪ ልምምድ መልሶ ልቤን ሞላው። ነርሶቹ ለሐኪም ሲደውሉ ሁኔታውን፣ የታካሚውን ታሪክ፣ የራሳቸውን ግምገማና ጥያቄያቸውን በዚህ ቅደም ተከተል እንዲናገሩ ተለማመዱ። «ዶክተር፣ በሽተኛው ደክሟል» ይሉ የነበሩት፣ ከጥቂት ዙር በኋላ «ዶክተር፣ ትናንት በሳንባ ምች የገባው ታካሚ ትንፋሹ ከ24 ወደ 36 ጨምሯል፣ ኦክስጅኑ በ5 ሊትር 84 ነው፣ እየባሰበት ነው ብዬ አምናለሁ፣ አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ» ማለት ጀመሩ። በአዳራሹ ውስጥ ግን ስልኩን የሚያነሳው ወገን አልነበረም። አንድም ሐኪም አልተጋበዘም፤ ሐኪሙን ሆነው የተጫወቱት አሠልጣኞቹ ናቸው። ሥልጠናው ካለቀ በኋላ ከሠልጣኞቹ አንዷ ልክ እንደተማረችው በሌሊት ደውላ፣ «ይህን መወሰን ያንቺ ሥራ አይደለም» የሚል መልስ እንደተሰጣት ነግራኛለች። ተረኛ ሐኪሙም ሊወቀሱ አይገባም፤ ነርሷ ምን እንደተማረችና ለምን እንዲያ እንደምትናገር የነገራቸው የለም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ዋናው ጥያቄ የሥልጣን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎች ለማንኛውም ጽኑ ሕመምተኛ በየትኛውም ሆስፒታል ሊሰጥ የሚገባውን መሠረታዊ እንክብካቤ ሲወስኑ 40 የሕክምና ተግባራትን ለይተው አስቀምጠዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ራሱን የሳተን በጎን ማስተኛት፣ ኦክስጅን መጀመር፣ እርዳታ መጥራት፣ ነርስ የምትሠራቸው ናቸው። ነገር ግን ሆስፒታሉ «ኦክስጅን ከ90 በታች ሲሆን ነርስ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ትጀምራለች» የሚል የጽሑፍ መመሪያ ከሌለው፣ ነርሷ ያወቀችውን እያወቀች መጠበቅ ትገደዳለች። ሥልጠናው ይህን መመሪያ ለማስፈረም ከሆስፒታሉ አመራር ጋር አንድ ከሰዓት እንኳ አልተቀመጠም።

ፈተናው በምርጫ ጥያቄዎች የተሰጠ ነበር፣ የሁሉም ውጤት ከመግቢያው ፈተና ተሻሽሏል፣ ሰርተፊኬትም ታደለ። የእጅ ክህሎት ግን በአንድ ጣቢያ ብቻ ተፈተነ። ልብና ትንፋሹ ለቆመ ሰው የሚደረገውን የነፍስ አድን እርዳታ ልምምድ የተመለከቱ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ ያልተደገመ ክህሎት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይዳከማል፤ ለዚህ ሥልጠና ግን የክለሳ ቀን አልተያዘለትም። ይበልጥ ያሳዘነኝ ነገር ደግሞ ልምምዱ የተካሄደባቸው ኦክሲሜትሮችና አምቡ ባጎች በመጨረሻው ቀን ተሰብስበው ከአሠልጣኞቹ ጋር መመለሳቸው ነው። ሁለት ኦክሲሜትር በዋርድ ቢቀር፣ ለሠልጣኞቹ ከታደለው ቦርሳና ቲሸርት ሁሉ ይበልጥ ነበር። ከሆስፒታሉ በኩልም ጥፋት አለ፤ ከሠለጠኑት ጥቂቶቹ ብዙም ሳይቆዩ በመደበኛው ዝውውር ወደ ተመላላሽ ሕክምና ተመድበዋል።

ይህን ሁሉ ብዬም ሥልጠናውን እመክራለሁ፤ በተለይ ከድንገተኛና ከውስጥ ደዌ ክፍል ለሚመጡ፣ የሥራ ልምዳቸው አጭር ለሆነ ነርሶች። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለዓመታት የሠራች ነርስ ከሠልጣኝነት ይልቅ በረዳት አሠልጣኝነት ብትገባ የበለጠ ትጠቅማለች፣ ትጠቀማለችም። ሥልጠናውን የምታስመጡ ኃላፊዎች ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት የሾክ ምዕራፉን አስልካችሁ አንብቡ፤ የአገር ውስጥ አሠልጣኞቹ ቢያንስ ግማሹን ክፍለ ጊዜ እንደሚመሩ፣ ተረኛ ሐኪሞች በመጨረሻው ቀን እንደሚገኙ፣ ከሦስት ወር በኋላ ማን ተመልሶ እንደሚመጣና የትኞቹ ዕቃዎች እንደሚቀሩ በጽሑፍ ጠይቁ። እኔም ለሚቀጥለው ዙር ነርሶቼን እልካለሁ፤ ከመሄዳቸው በፊት ግን የኦክስጅኑ መመሪያ በሕክምና ዳይሬክተሩ ተፈርሞ በየዋርዱ እንዲለጠፍ፣ የሚሠለጥኑትም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከክፍላቸው እንዳይዛወሩ ከአስተዳደሩ ጋር ተነጋግሬአለሁ።